ለእታለም የበቀለው ቆዳ

የስምምነት ቅጹን ይዛ ወደ ቃጠሎ ክፍሉ ኮሪደር ስትገባ አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። የክፍሉ ዋና ቀዶ ሐኪም የሆኑት አባቷ በስልክ የነገሯት አጭር ነው። «አንዲት ሴት ገብታለች። ከግማሽ በላይ ሰውነቷ በፈላ ውሃ ተቃጥሏል። ከራሷ ገላ ተወስዶ የሚለጠፍ ጤነኛ ቆዳ አይበቃትም። እናንተ በላቦራቶሪያችሁ ታሳድጉላት እንደሆነ አለቃሽን ጠይቄ እሺ ብለውኛል። ወንድሟ ውጭ አለ፣ አስፈርሚው።»

ሰውየው አንገቱን ደፍቷል። የሥራ ቦቲውን እንኳ አላወለቀም። የእግሯን ኮቴ ሰምቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ቅጹ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ቀስታ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያላየችው፣ በሄደችበት ሁሉ በሐሳቧ ይዛው የምትዞረው ቀስታ።

በላቦራቶሪው «ጓንቴ» ይሏታል፤ ጓንቷን ማውለቅ ረስታ አውቶብስ የምትሳፈርበት ቀን ስለሚበዛ። ሥራዋ የሰው ሴል ማሳደግ ነው። ሴል ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ቢያስቀምጡት አይኖርም፤ የሚይዘው ነገር ካጣ ተንሳፎ ይሞታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሳህኑ ላይ ኮላጅን ይነጠፍለታል፤ ከእንስሳ ቆዳና ጅማት የሚወጣ፣ ሥጋን ከሥጋ አያይዞ የሚያቆም ነገር ነው። ከውጭ ይመጣ የነበረው አልቆ አዲሱ ወደብ ላይ ወራት ሲቆይ፣ ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው አለቃዋ አንድ ቀን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ቄራው ሁለት ፌርማታ ነው። የበሬ ጭራ አስመጪና ራሳችን እናወጣዋለን» አሏት።

ጭራውን ይዞ የመጣው ቀስታ ነበር። ቆዳ ገፋፊ ነው። ሌላው አምስት በሬ ሲገፍ እሱ ሦስት ይገፋል፤ ግን እሱ በገፈፈው ቆዳ ላይ አንዲት የቢላ ጭረት አይገኝም። ስሙንም ያወጡለት በዚያ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ በኋላ በር ይመጣል።

«ዶክተር፣ የት ላስቀምጥልዎት?» አላት የመጀመሪያው ቀን።

«ዶክተር አይደለሁም። ደግሞ አንቺ በለኝ።»

«እሺ ዶክተር።»

አንቺ ለማለት ሁለት ወር ፈጀበት። እስከዚያ ድረስ ግን ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ እሷ ስትሠራ ማየት ለምዶ ነበር። ጭራውን በቁመቱ ሰንጥቃ ነጩን ጅማት እንደ ክር መዛ ታወጣለች። ክሩን ኮምጣጤ በመሰለ ቀጭን አሲድ ውስጥ ትነክረውና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ታሳድረዋለች። ከቀናት በኋላ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ፣ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ይሆናል።

«የሰው ሴል በሬ ላይ እንዴት ይቀመጣል? አይጠየፍም?» ብሎ ጠየቃት።

«አይጠየፍም። የሰውም የበሬም ክር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚጠየፈው ሰውየው ነው እንጂ ሴሉ አይደለም።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል። ጓንቴ ያን ቀን ማታ ቤቷ ገብታ እራት ስትበላ የተጨፈነው ዓይኑ ትዝ አላትና ብቻዋን ፈገግ አለች። እናቷ አይተዋት፣ «ምን ያስቅሻል?» ቢሏት እንጀራዋን መቁረስ ቀጠለች።

ሳጥኑ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ቀንና ሰዓት ብቻ እንዲጽፍ ነበር የተነገረው። እሱ ግን ስለ በሬው ይጨምርበታል። «ቀይ፣ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጋ ያለ ነበር።» «ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው። ከመኪናው አልወርድ ብሎ አስቸገረን።» እያለ እያለ አንድ ማክሰኞ፣ «ቡላ። ከሰዓት ይዘንባል፣ ጃንጥላሽን አትርሺ» የሚል መጣ። እሷም ባዶውን ሳጥን ስትመልስ መልስ ታስቀምጥበት ጀመር። ከዚያ አውቶብስ መጠበቂያው ጋ መገናኘት፣ ከዚያ አውቶብሱን ሆን ብሎ ማሳለፍ፣ ከዚያ በእግር መሄድ ሆነ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል እናቷ በአንድ ጃንጥላ ሥር አዩዋቸው።

«ልጄ፣ አባትሽ ቢላ የሚይዙት ሰው ሊያድኑ ነው» አሉ እናቷ። «ይሄ ልጅ ቢላ የሚይዘው ለምንድን ነው? ከሠርግሽ ማግስት ምን እየሸተተ እንደሚገባ አስበሽዋል?»

«ሳሙና ነው የሚሸተው፣ እማዬ። እኔ ነኝ ጭራ ጭራ የምሸተው።»

«አትቀልጂብኝ።»

አባቷ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ምንም አላሉም። የእሳቸው ዝምታ ከእናቷ ንግግር በላይ ከበዳት። አባቷን ማስቀየም አልቻለችም፤ ቀስታን መተውም አልቻለችም። ደብዳቤ ጻፈችለት። «ለጥቂት ጊዜ አትምጣ» ብላ ጀመረች። «ቤት ውስጥ ነገሩን ላብርደው። ጠብቀኝ። ሌላ ሰው የለኝም፣ አይኖረኝምም።» አጣጥፋ ባዶው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳጥኑን ሌላ ሰው ይዞት መጣ። ወረቀቱ ላይ ቀንና ሰዓት ብቻ ነበር። የሚቀጥለውም፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ጠብቀኝ ስላልኩት ሰለቸው ብላ ጭራ መሰንጠቋን ቀጠለች።

አሁን ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል።

«እህቴ ናት» አለ። «እታለም።»

እታለምን በወሬ ታውቃታለች። እናታቸው ስትሞት እሱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እዚያው ቄራ ውስጥ ጨጓራ ማጠቢያው ክፍል ትሠራለች። ጠዋት የፈላ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ ፈንድቶ ነው። እሱ ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ አልቆ ነበር።

«እርስዎ ነዎት የሚሠሩት?» አላት።

እርስዎ። ቃሉ ውስጧ ገብቶ የሆነ ቦታ ተሰነቀረ። ግን የምትናገረው ሌላ ነገር ነበርና ዋጠችው። «ከብብቷ ሥር ካልተቃጠለው ቆዳ የቴምብር ያህል እንወስዳለን። ሴሎቹን ለይተን እናሳድጋለን። እንደ ስስ ጨርቅ ሲሆን አባ… ዋናው ሐኪም ቁስሏ ላይ ያለብሱታል። የራሷ ስለሆነ ሰውነቷ አይመልሰውም።»

«ስንት ቀን?»

«ሃያ አንድ።»

«በምን ላይ ነው የሚያድገው?»

«አንተ ካመጣሃቸው ጭራዎች ያወጣሁት ኮላጅን አለ። ካለን ሁሉ ጥሩው እሱ ነው።»

ከዚያ እስክሪብቶዋን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ፈረመ፤ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ።

ጓንቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላቦራቶሪው የምትወጣው ለመተኛት ብቻ ሆነ። ሳህኖቹ ኢንኩቤተር በሚሉት ማሞቂያ ካቢኔት ውስጥ፣ ልክ በሰው ሰውነት ሙቀት ተቀምጠዋል። ሮዙን ፈሳሽ በየሁለት ቀኑ ትቀይርላቸዋለች፤ ምግባቸው ነው። በሦስተኛው ቀን ሴሎቹ ኮላጅኑን ያዙ። በስድስተኛው ቀን በየቦታው እንደ ደሴት ተሰባሰቡ። አለቃዋ በማይክሮስኮፑ አይተው፣ «ይህቺ ሴትዮ መኖር የምትፈልግ ናት» አሉ።

መኖርስ ትፈልግ ነበር። ጓንቴ በስምንተኛው ቀን ተከናንባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና አልጋዋ አጠገብ ስትቆም፣ እታለም በፋሻው መሐል በቀሩት ዓይኖቿ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የጃንጥላዋ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለች፤ ድምጿ ሰልሏል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ስድስት ሳምንት እንጀራውን ነካ እያደረገ ሲተው ነበር። ምን አድርገሽው ነው?» ትንሽ አረፈች። «እሱ ሲቆጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ሲታረቅም ቀስ ብሎ። ታገሺው። ቆዳዬ መቼ ይደርሳል?»

«አሥራ ሦስት ቀን።»

«እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ብቻ እንዳትዘገዪብኝ።»

ጓንቴ አልዘገይም አለች። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ቃል የገባችው በራሷ ጉልበት የማይሆን ነገር እንደሆነ ታውቀዋለችና።

በማግስቱ አለቃዋን አስፈቅዳ ቀስታን ወደ ላቦራቶሪው አስገባችው። ነጩ ካፖርት ትከሻው ላይ ጠቦታል። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገና ትንፋሹን ዋጠ።

«የድንጋይ ንጣፍ ይመስላል» አለ።

«እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ሴል ነው።»

«እታለም ናት?»

«እታለም ናት።»

ከዚያ እዚያው እንዳጎነበሰ፣ «አትምጣ ብለሽ ጻፍሽልኝ» አላት።

«ከሱ ቀጥሎ ያለውንስ?»

«ከሱ ቀጥሎ ሰማያዊ ቀለም ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ ቀልጦ ወረቀቱን አርሶታል። የመጀመሪያዋ መሥመር ብቻ ነው የቀረችው።» አሁን ቀና አለ። «የሐኪም ልጅ ናት፣ ነገሩ ገባት ብዬ ተውኩት። ልጠይቅሽ እመጣና ከበሩ እመለሳለሁ። ሁለቴ ተመልሻለሁ።»

ጓንቴ ደብዳቤውን በቃሏ ታውቀው ነበር። ቆማ አንድ ባንድ ነገረችው። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እሱ እጁን ዘርግቶ፣ ጓንት ያለበትን እጇን ያዘ። ያ ስስ ጎማ በመካከላቸው እያለ እንኳ ሙቀቱ ተሰማት። እንዲህ እንደቆሙ የበሩ መስተዋት ላይ ጥላ አረፈ። አባቷ ናቸው። የተያያዙትን እጆች አዩ፣ ፊቷን አዩ፤ ዞረው ሄዱ። እሷም እጇን አላስለቀቀችም። የፈራችውን ያህል አልፈራችም፤ ያ ራሱ ገረማት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን እታለም ትኩሳት ያዛት።

«ቁስሉ አመርቅዟል» አሉ አባቷ ላቦራቶሪው ድረስ መጥተው። ሐኪሙ እንጂ አባቷ አልነበሩም የሚናገሩት። «መድኃኒቱን ሁለቴ ቀየርኩ። የሚያስፈልጋት ሽፋን ነው። ምን አላችሁ?»

«ስድስት ቀን ይቀረዋል።»

«ስድስት ቀን የላትም።»

ወደ አለቃዋ ዞረች። ምግቡን ብንጨምርላቸውስ? ሙቀቱንስ ከፍ ብናደርግ? ሌላ ሳህን ላይ ያለውን ብንደርብስ? አለቃዋ አንድ ባንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሴል በራሱ ጊዜ ነው የሚከፈል፣ የኔ ልጅ። ብለምነውም ብትለምኚውም አይቸኩልም።»

ያም ሆኖ በማግስቱ አንዱን ሳህን ሞከሩት። ጓንቴ ዳር ዳሩን በመቆንጠጫ ለማንሳት ስትጀምር ቆዳው እንደ ራሰ ወረቀት ተቀደደ። ሌላ ጥግ ያዘች፣ እሱም ተቀደደ። መቆንጠጫውን አስቀመጠች። ቀሪዎቹን ሳህኖች ወደ ሙቀታቸው መለሰችና የካቢኔቱን በር ዘግታ እፊቱ ቆመች። በመስተዋቱ ውስጥ ሮዝ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚታየው። ከውስጡ የምትፈልገው ነገር እያደገ ነው፤ በትክክል፣ ያለ አንዳች ስህተት፣ እያደገ ነው። ምንም ጥፋት ቢገኝ ታርመው ነበር። አልተገኘም።

ቀስታ ቀን ከሌት አግዳሚው ላይ ነው። ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች። አንዴ፣ «ከኔ ገፈሽ ውሰጂ። ከጀርባዬ፣ ከእግሬ» አላት። የሌላ ሰው ቆዳ ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሚሸፍን፣ እሱንም ከሟች ተወስዶ ከተቀመጠው እንዳለበሷት ነገረችው። «ሥራዬ ቆዳ መግፈፍ ነው» አለ ለራሱ። «ስንት ሺህ ቆዳ አውጥቻለሁ። ለሷ አንድ ማልበስ አቃተኝ።» ጓንቴ ትከሻዋን ወደ ትከሻው አስጠጋች።

እታለም በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አረፈች።

አባቷ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ከክፍሉ ወጡ። ለሃያ ስምንት ዓመት ይህን ዜና ቆመው ነው የሚናገሩት። ያን ቀን ግን አግዳሚው ላይ፣ ከቀስታ ጎን ተቀመጡ።

«አልቻልኩም፣ ልጄ» አሉት። «አራት ቀን ጎደለኝ።»

ቀስታ አላለቀሰም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር።

ጓንቴ ግን የምትነግረው ሌላ ነገር ነበራት፣ እንዴት እንደምትጀምረውም አታውቅም። ሕጉ ቤተሰብ ይጠየቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ፣ ዘመዶች አስከሬኑን ሊወስዱ መኪና ሲያዘጋጁ፣ ወደ ጓሮው በር ወሰደችው።

«ሳህኖቹ አሉ» አለችው። «ሴሎቹ እሷ መሞቷን አያውቁም። አሁንም እየተከፈሉ ነው። ወይ ለምርምር ይቀመጣሉ፣ ወይ ይወገዳሉ። የምትወስነው አንተ ነህ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ።

«አሁን ሙቅ ናቸው?»

«ሙቅ ናቸው።»

«ምግብ ካልሰጠሻቸውስ?»

«ሦስት፣ አራት ቀን ቢቆዩ ነው።»

ቀስታ ሲመልስ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር። «ምርምር አልጠላም። ግን ለሷ የተሠራ ነው። ለሷ ይሁን። እጆቿን አልብሷት። በሌላው በኩል እንዲሁ ትሂድ፤ እጆቿ ብቻ። እኔን ያዘሉኝ እጆቿ ናቸው።»

አለቃዋ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈውን እሳቸው እንደሚጽፉ ተናገሩ። ጓንቴ ሁለት ሳህን መረጠች። ያልጸናውን ቆዳ ለብቻው ለማንሳት አልሞከረችም፤ ከሥሩ ካለው ኮላጅን ጋር አንድ ላይ፣ እንዳለ አነሳችው። ለቆሰለ ሰው እንዲህ አይሆንም ነበር፣ ቁስሉ በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ለእታለም ግን ከእንግዲህ የሚያፈርሰው ነገር የለም።

አስከሬን ክፍሉ ውስጥ ከቀስታና ከአባቷ ጋር ሦስት ሆነው ገቡ። እሷ ላደርገው አለች። አባቷ፣ «ተይ፣ ይህ የኔ ሥራ ነው» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ለሕያው ሰው እንደሚያደርጉት እስከ ክርናቸው፣ ጥፍር በጥፍር ታጠቡ። ፋሻውን ፈቱ። ከዚያ ያን ጠል የመሰለ ስስ ነገር በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ አሳረፉት፤ በጣቶቿ መሐል በለስላሳ ብሩሽ እያስተካከሉ፣ አንዲት መጨማደድ ሳይተዉ። አልቸኮሉም። ቀስታ ራስጌው ቆሞ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ሲከታተል ጓንቴ አየችው፤ ባለሙያ ባለሙያን ሲያይ እንደሚያየው ነበር። ግራውንም ጨረሱ።

ቀስታ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይነካው፣ ለረጅም ጊዜ አየው። ያኔ ነው ያለቀሰው። አባቷ ክንዱን ይዘው አቆሙት። ሁለቱም ሲወጡ ጓንቴ ለአፍታ ብቻዋን ቀረች። ይቅርታ ልትላት አሰበች፤ ዘገየሁብሽ ልትላት አሰበች።

ውጭ ሞተሩ ተነስቷል። አባቷ በሩ ላይ ጠበቋት።

«አብረሽው ሂጂ» አሉ። «እናትሽን እኔ አነጋግራታለሁ። ምን እንደምላት ግን አላውቅም።»

መኪናው ውስጥ ዘመዶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ የሬሳ ሳጥኑ በመሐላቸው። ከቀስታ ፊት ለፊት አንድ ቦታ ተገኘላት። የሚያውቃት የለም። ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ከጎኗ የተቀመጡ አክስቱ፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ዞር ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?»

ጓንቴ መልስ ፈለገች። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ? የሐኪሙ ልጅ ነኝ? ሳይደርስላት የቀረው ቆዳ አሳዳጊ ነኝ?

«የኔ ናት» አለ ቀስታ፣ ዓይኑን ከሳጥኑ ሳያነሳ።

አክስትየው ራሳቸውን ነቀነቁና ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ አሰፉላት። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ያቺን ቃል ጓንቴ ዓመት ሙሉ ጠብቃታለች፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ትመጣለች ብላ አላሰበችም። ደስታው ሳትጠራው መጥቶ ደረቷን ሞላው። አፈረች። ሳጥኑን እያየች ልታባርረው ሞከረች፣ አልሄድ አላት። ሌላ መላ ስታጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ደስ ማለቷን ማንም እንዳያይባት፣ ከሁሉም ይበልጥ ጮክ ብላ አለቀሰች።